ዊንዶውሳችሁን ፎርማት ሳታደርጉ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ማዛወር፦ ከመግዛት እስከ መግጠም

ባሕር ዳር ውስጥ «ላፕቶፔ ዘገየ» ብላችሁ ጥገና ቤት ብትሄዱ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ኤስኤስዲ ይግባለት፣ ፎርማት ይደረግ።» ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣኑ ዲስክ፣ ይግባ መባሉ ትክክል ነው። ፎርማቱ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ፎርማት ሲደረግ ሰነዳችሁ በፍላሽ ቢተርፍ እንኳ የተጫነው ሁሉ ይጠፋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ካምፓስ ያለው ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚጠቀምበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ፣ ፖሊ ካምፓስ ያለችው የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ፣ ዘንዘልማ ካምፓስ የሚማረው የካርታ ሶፍትዌር፣ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝና የሰበሰበቻቸው ፎንቶች ሁሉ እንደገና ይፈለጋሉ። ለዚያ የሚወጣውን ዳታና ጊዜ እናንተው አስሉት። ሲስተሙን እንዳለ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነፓስወርዱ፣ ዴስክቶፕ ላይ ካለው ፎቶ ጋር ወደ አዲሱ ዲስክ ማዛወር ይቻላል። ይሄ ክሎን ማድረግ ይባላል፤ ካቻቢቴ መያዝ የሚችልና የማይቸኩል ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ክሎን ሲደረግ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ አሮጌውን እስካልነካችሁት ድረስ ምን ቢበላሽ ወደ ነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ከታች የምላችሁ ጥንቃቄ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ነው ወይ?

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ የሚመላለስ አንባቢ ጭንቅላት አለ። ላፕቶፑን ሳታጠፉ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጩ የምትጎዱት ይሄንን ክፍል ነው። ክዳኑን ስለዘጋችሁ ብቻ ዲስኩ ቆሟል ማለት አይደለም።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱት። ሰማያዊ ካሳየ ቀጥሉ። ቢጫ ካሳየና «ኮሽን» ካለ ዲስኩ የማይነበቡ ቦታዎች እያፈራ ነው፤ ክሎን ከማድረጋችሁ በፊት አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ብቻ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ክሎን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስነብበው የደከመን ዲስክ መሀል መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። በራሳችሁ አትሞክሩ፣ መረጃ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት።

የትኛው ኤስኤስዲ ይገባለታል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዓይነቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ነው፤ ሳታ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝበት የቆየው መንገድ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ቦታ ልክ ይገባል፤ ዲቪዲ ማስገቢያ ያላቸው የቆዩ ኤችፒ፣ ዴል፣ ቶሺባና ሌኖቮዎች በአብዛኛው የሚወስዱት ይሄንን ነው። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። አሮጌው 9.5 ከነበረ ትንሽ ይላወሳል፣ ግን በቦታው ብሎን ከታሰረ ችግር የለውም።

ሌሎቹ ሁለቱ ኤም ነጥብ ቱ (M.2) የሚባሉት፣ ማስቲካ የሚመስሉት ቀጫጭኖች ናቸው። ችግሩ መልካቸው ተመሳስሎ ውስጣቸው መለያየቱ ነው፤ አንዱ ሳታ ነው፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ (NVMe) የሚባለው አዲሱና ፈጣኑ መንገድ። ጫፉን አስጠግታችሁ እዩት፤ የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች መካከል ቁራጭ ቦታ አለ። ቁራጩ ሁለት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት የማይከተሉ ስላሉ ነው፤ ስለዚህ የላፕቶፓችሁን ሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። ርዝመቱም ይለያያል። 2280 የተጻፈበት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ፍጥነቱን በቁጥር ካላችሁ፦ ጤነኛ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ግን በዕለት ተዕለት ሥራ ትልቁ ለውጥ የሚሰማችሁ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ሳታ ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ካላችሁ አትዘኑ።

መጠኑን ለመምረጥ ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ዩዝድ ስፔስ» የሚለውን እዩ። እሱ 150 ጊጋ ከሆነ 240 ይበቃል። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ስለሚዘገይ አንድ አምስተኛውን ያህል ባዶ እንዲተርፍ አስቡ። 240 ጊጋ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ ቢታያችሁ አልተጭበረበራችሁም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

የሚጭበረበረው ሌላ ነው። በጣም ርካሽ ሆኖ ብዙ ቴራባይት የሚል ኤስኤስዲ ካያችሁ ዝለሉት። ሐሰተኞቹ ኮምፒውተሩን ስለሚያታልሉ ዲስኩ ሲታይ ሙሉ መጠን ያሳያል፣ ስትሞሉት ግን ፋይሎቻችሁን ይበላል። ኤችቱ ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባለው ነፃ መመርመሪያ ዲስኩን እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ ያነባል። ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ቢሆንም ከማይታወቅ ማርካ ከገዛችሁ ክሎን ከማድረጋችሁ በፊት አሂዱት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አዲሱ ኤስኤስዲ፣ እሱን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬዝ ወይም ኬብል፣ ትንሿ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ፣ ነጭ ወረቀት። ኬዙ ከኤስኤስዲው ዓይነት ጋር መሄዱን አረጋግጡ። የ2.5 ኢንቹ ኬዝ ኤም ነጥብ ቱ አይቀበልም።

ባክአፕ፦ ይሄን አትዝለሉ

አሮጌው ዲስክ አይነካም ብያለሁ። ግን የሰው እጅ ይሳሳታል፣ ዲስክም በራሱ ቀን ይሞታል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የቤተሰብ ፎቶው፣ የሱቁ ሒሳብ በሌላ ቦታ አንድ ቅጂ ይኑራችሁ። የውጭ ሃርድ ዲስክ ከሌላችሁ የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ እስከ 2 ጊጋ ፋይል በነፃ ይይዝላችኋል። ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ ከዚያው ከቅጂው ላይ ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ እዩ። የማይከፈት ቅጂ ቅጂ አይደለም።

ሲስተሙን ማዘጋጀት

ክሎን ያለውን እንዳለ ይገለብጣል። ቫይረሱንም ጭምር። የፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ የሚያመጣው ፋይሉን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ካለ አዲሱም ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በዊንዶውስ ዲፌንደር ፉል ስካን አድርጉ።

ከዚያ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉ፣ ዳውንሎድ ውስጥ የተከማቸውን አራግፉ። ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ «ቼክ» የሚለውን ተጫኑና የፋይል ስህተት ካለ ይታረም።

ቀጥሎ ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም ዲስኩ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መቆለፉ፣ ነው፤ ይሄ አዳዲስ ላፕቶፕ ያላቸውን ይመለከታል። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ቢትሎከር» በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ሪከቨሪ ኪውን፣ ማለትም ያንን ባለ 48 አሃዝ ቁጥር፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ቢትሎከሩን «ሰስፔንድ» አድርጉት፣ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ብቻ ካላችሁ ደግሞ አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። ይሄን የዘለለ ሰው አዲሱን ዲስክ ገጥሞ ሲያበራ ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ከሌለው ደጅ ይቀራል።

መብራቱስ?

መብራት በሰፈራችሁ መቼ እንደሚሄድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰዓቱን እንዲህ አስሉት። 180 ጊጋ ዳታ በዩኤስቢ 3፣ በሰከንድ 90 ሜጋ እየሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። በዩኤስቢ 2፣ በሰከንድ 30 ሜጋ ከሆነ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ዲስኩ የደከመ ከሆነ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ኬዙን ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ ላይ ሰኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 እሱ ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ያን ያህል ሰዓት የሚይዝ ከሆነ መብራት ቢሄድም ምንም አትሆኑም፤ ኤስኤስዲውም የሚሠራው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ነው። ባትሪው የሞተባችሁ ወይም ዴስክቶፕ ያላችሁ ግን ዩፒኤስ ፈልጉ፣ ወይም ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ሥሩት። እንዲያም ሆኖ መሀል ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ። የሚበላሸው አዲሱ ላይ የተጻፈው ግማሽ ቅጂ ብቻ ነው። እንደገና ከመጀመሪያ ትጀምራላችሁ።

መብራት ሲሄድ የምፈራው ሌላ ሥራ ነው፤ አሮጌው ዲስክ ላይ ፓርቲሽን፣ ማለትም እንደ ሲና ዲ ያለውን የዲስክ ክፍል፣ ማሳነስ። እሱ ራሱ አሮጌው ላይ ስለሚጽፍ መሀል ላይ ከተቋረጠ ያላችሁንም ሊያሳጣችሁ ይችላል። ከባለ 500 ጊጋ ወደ ባለ 240 የምትሄዱ ሰዎች «ሲ ድራይቭን መጀመሪያ አሳንሱ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እኔ አልመክርም። አሮጌውን ሳይነካ አዲሱ ላይ ብቻ አሳንሶ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

ፕሮግራሙን መምረጥ

ሳምሰንግ፣ ዌስተርን ዲጂታል፣ ክሩሻልና ኪንግስተንን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ክሎን ማድረጊያ አላቸው። የሳምሰንግ ከሆነ ሳምሰንግ ማጂሺያን፤ ሌሎቹ ደግሞ አክሮኒስ የሚባለውን የክሎን ፕሮግራም ልዩ እትም ይሰጣሉ። ለአብዛኛው ሰው ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽም ራሱ ያመቻቻል። ፕሮግራሙ ግን የራሱ ማርካ ዲስክ መሰካቱን አይቶ ነው የሚሠራው።

ማክሪየም ሪፍሌክትም ጥሩ ነው። ነፃው እትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል። አሁን ሳይከፈል የሚገኘው የሙከራ እትም ነው፤ ክሎን ማድረግ መፍቀዱን አስቀድማችሁ እዩ። አደራ፣ በየቴሌግራም ቻናሉ «ክራክ» ተብሎ የሚለጠፈውን እንዳታወርዱ። ሙሉ ዲስካችሁን እንዲያነብ ፈቃድ የምትሰጡት ፕሮግራም ነው፤ ከማን እጅ እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ።

ማርካ የሌለው ኤስኤስዲ ከገዛችሁ፣ ወይም በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ከሆነ ሬስኪውዚላ የሚባል የክሎን ፕሮግራም አለ። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ፋይሉን አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሡታላችሁ፣ «ክሎን» የሚለውን ትጫናላችሁ። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ ሲሆን ነው የምመክረው። በዚህ መንገድ ስትሄዱ ዊንዶውሱን መጀመሪያ ሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ ሻት ዳውን አድርጉት። ያለዚያ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ነገር ሲስተሙን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ይተወውና ክሎኑ ይከለከላል።

ክሎን ማድረግ

ኤስኤስዲውን ኬዝ ውስጥ አስገብታችሁ ሰኩ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ካንስል በሉት፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያዘጋጀዋል። ሌላ ፍላሽም ሆነ የውጭ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉ።

አሁን ሙሉ ትኩረታችሁን ስጡኝ። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል፦ «ሶርስ» እና «ዴስቲኔሽን»። ሶርስ አሮጌው ነው። ዴስቲኔሽን አዲሱ ነው፤ እሱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ይገለበጣል፣ ያንን ደግሞ ማንም አይመልስላችሁም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት የሁለቱን ዲስክ ሞዴልና መጠን ከላያቸው ላይ ካለው ጽሑፍ ወይም ከክሪስታል ዲስክ ኢንፎ አይታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «አሮጌ፣ ቶሺባ፣ 500» «አዲስ፣ ኪንግስተን፣ 240»። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 በሚለው ቁጥር አትተማመኑ፣ ይቀያየራል።

ቀጥሎ ፓርቲሽኖቹን ይዘረዝርላችኋል። ሲ ብቻ አይደለም ያለው። ከፊቱ 100 ሜጋ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል «ኢኤፍአይ» የሚባል አለ፣ ሌላም «ሪከቨሪ» የሚል ትንሽ ክፍል አለ። ሰው ትንንሾቹን ንቆ ሲን ብቻ ይገለብጥና «አልነሣም አለኝ» ይላል። ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ትንሹን ኢኤፍአይ ነው፣ ሁሉንም ምረጡ። ዲ ድራይቭ ላይ ፊልምና መዝሙር ሞልቶ አዲሱ ካልቻለው ግን ዲን መተው ትችላላችሁ። እሱ ሲስተም አይደለም፤ አሮጌው ዲስክ ላይ ይጠብቃችኋል።

«ስታርት» በሉና ተዉት። በዚህ መሀል ላፕቶፑን አትጠቀሙ፣ ኬብሉን አታንቀሳቅሱ፣ ስሊፕ እንዳይገባም ሴቲንግ ውስጥ አስቀድማችሁ አጥፉት።

መግጠም

ሲጨርስ ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ። ባትሪው ውስጥ ከሆነ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፣ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ብሎኖቹ እኩል አይደሉም። ረጅሙን በአጭሩ ቀዳዳ ብታስገቡት ከላይ በኩል የኪቦርዱን ሽፋን ሊበሳ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ በክረምት ማታ የምትሠሩ ከሆነ መስኮት ዝጉ፤ አምፖል የሚከበው ነፍሳት ሁሉ ክፍት ማዘርቦርድ ላይ ይወርዳል።

አሮጌውን ዲስክ ስታወጡ ኬብሉን በሽቦው ሳይሆን በራሱ በፕላስቲኩ ያዙት። ዙሪያውን የያዘችው ብረት ወይም ጎማ ወደ አዲሱ ትዛወራለች፤ እንዳትረሷት። ኤስኤስዲውን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪገባ ግፉት። ኤም ነጥብ ቱ ከሆነ በሰያፍ ገብቶ ነው ወደ ታች የሚታሰረው፣ አታስገድዱት።

መጀመሪያ ሲበራ

አዲሱን ብቻ ገጥማችሁ አብሩ። አሮጌው በዩኤስቢም ቢሆን አይሰካ። ሁለቱ ዲስኮች መለያቸው ጭምር አንድ ስለሆነ ሲስተሙ ይደናገራል፤ ከአሮጌው ተነሥቶም አዲሱ እየሠራ ሊመስላችሁ ይችላል።

ብዙ ጊዜ በቀጥታ ይነሣል። ካልተነሣ ቡት ሜኑውን፣ ማለትም ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ የሚመረጥበትን ዝርዝር፣ ክፈቱ፦ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12። «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ወይም የአዲሱን ዲስክ ስም ምረጡ። ባዮስ በሚባለው የላፕቶፑ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ የሳታውን ሞድ ወይም ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ የሚለውን አትቀያይሩ፤ አሮጌው በየትኛው ይነሣ እንደነበር ክሎኑም የሚነሣው በዚያው ነው። ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ አልገባም ማለት ነው፣ አውጥታችሁ መልሱት። ታይቶ ካልተነሣ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክታችሁ «ሪፔር» ከዚያ «ስታርታፕ ሪፔር» በሉት፤ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ማስኬድ ያስፈልጋል። ኢንስቶል የሚለውን ግን አትንኩ። ሁሉም እምቢ ካለ አሮጌውን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ፣ ሌላ ቀን ክሎኑን ድገሙት።

ከተነሣ በኋላ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ግቡ። ያልተያዘ ባዶ ቦታ ከቀረ ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ» በሉት። ቃሉ ከደበዘዘ በመሀል ሪከቨሪው ገብቶ ስለከለከለው ነው። «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ከፍታችሁ ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት» መባሉን እዩ። ቢትሎከር አቁማችሁ ከነበር መልሱት። የዊንዶውስ ፈቃድ በአብዛኛው ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ስለሆነ አይጠፋም። ከዲስኩ ጋር የሚታሰሩ አንዳንድ ሶፍትዌሮች ግን ድጋሚ አክቲቬት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ክሎኑ 11 እንደማያደርገው እወቁ። የ10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፑ 11ን የሚችል ከሆነ መጀመሪያ ክሎን አድርጋችሁ፣ አዲሱ መሥራቱን አረጋግጣችሁ፣ ከዚያ አሻሽሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትደርቡ።

አሮጌው ዲስክ

ለጥቂት ሳምንታት ላስቲክ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ሁሉ አዲሱ ላይ ከፍታችሁ እስክታዩ፣ ፕሪንተሩም እስኪሠራ፣ ግዕዙም እስኪጻፍ። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ከሆነ ኬዙ ውስጥ አስገብታችሁ የባክአፕ ዲስክ አድርጉት፣ ወይም ላፕቶፑ ዲቪዲ ካለው በዲቪዲው ቦታ በሚገባ መያዣ ግጠሙት። መያዣው ባለ 9.5 እና ባለ 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ልትሸጡት ካሰባችሁ ደግሞ ዲሊት ማድረግ ወይም ኩዊክ ፎርማት አይበቃም። በነፃ ፕሮግራም ፎቶዎቻችሁ መልሰው ይወጣሉ። ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንሱት፣ በየፓርቲሽኑ ሙሉውን ይጻፍበት። ሰዓት ይፈጃል፣ ማታ አስጀምራችሁት እደሩ።